የተረገጠ ሳር

ልጅ እያለሁ ከሽታ ሁሉ አብልጬ የምወደው የእርጥብ ሳር ሽታ ነበር። ሁሩሙ ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ዶፉን አውርዶ ድንገት ቀጥ ሲል፣ ከጫካው ጫፍ ካለው ጨፌ የሚነሳው ሽታ ሰው ያሰክር ነበር። ሳሩን እየነቀልን ነጩን ሥር እንመጠዋለን፤ እንደ ሸንኮራ ይጣፍጠናል። ጉሬዛዎቹ ዋንዛው ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያዩናል፣ እኛም እናላግጥባቸዋለን። ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኩዮቼ የሆናችሁ የኢሉባቦር ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ያናደደኝም እያወቃችሁ ዝም ማለታችሁ ነው።

መጀመሪያ ግን የሚያወራችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። እኔ ደምሴ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከቤታችን ግድግዳ ላይ ነው። አባቴ ቡና በበቅሎ እየጫነ ጎሬ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ሲመለስ አሮጌ ጋዜጣ ይዞ ይመጣል፤ እናቴ ደግሞ በሊጥ እየለጠፈች የግድግዳውን ጭቃ ትሸፍንበታለች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን እንዳገኘችው ነው የምትለጥፈው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ። እኔም የበቅሎ ነጂዎቹን «ይህቺ ማን ናት?» እያልኩ ስጠይቅ፣ አንዱን ፊደል ከአንዱ ሌላውን ከሌላው ስለቅም፣ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም እኩል እያነበብኩ አደግሁ። እስከ ዛሬ ተዘቅዝቆ የተጻፈ ነገር ሳልደናቀፍ አነባለሁ። መቱ ውስጥ ይህን የሚችል ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንወዳደር።

በኋላ መንግሥት ተለውጦ የቢሮው ሥራ ሁሉ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል ሲሆን፣ ስንቱ ባለ ዲፕሎማ «እኔ ከእንግዲህ አልማርም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እኔ ከልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ቁቤን ተማርኩና ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለችው ጠረጴዛዬ ንቅንቅ አላልኩም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። በሁለቱም ቋንቋ እጽፋለሁ፤ የእጅ ጽሕፈቴን የማያውቅ ዳኛ ካለ ገና ትናንት የተሾመ ነው።

እናቴ የይፋት ሰው ነበረች። አባቴ አግብቶ ወደ ሁሩሙ ሲያመጣት ከአማርኛ በቀር አታውቅም ነበር፤ ከዚያም ወዲያ ብዙ አልተማረችም፤ ገበያ ስትወጣ የፈለገችውን በጣቷ እያሳየች ነው የምትገዛው። እኔና ታላቅ እህቴ አስካለ ግን ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስንሯሯጥ ከጨዋታ ላይ ቀዳነው። «እታስካለ» ነበር የምላት። ከሰፈሩ ልጆች በቅልብልቦሽ የሚያክላት አልነበረም። አንዷን ጠጠር ሽቅብ ወርውራ የቀሩትን በአንድ እፍኝ ጠርጋ ስታነሳ እጇ አይታይም። ከተሸነፈች ደግሞ እስከ ማታ ታኮርፋለች። ልጅ ነበረች ማለቴ ነው። በልጅነቷ ልክ የምታኮርፍ፣ በልጅነቷ ልክ የምትስቅ ልጅ።

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ወረደችና አልተመለሰችም። እንስራዋ ውኃ እንደሞላ ምንጩ ዳር ቆሞ ተገኘ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እዚያው ስለነበሩ የሆነውን ሁሉ አይተዋል። የአንድ ባለ ብዙ መሬት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ፣ እየጮኸች በበቅሎ ጭኖ ወሰዳት። ስሙን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ዛሬ አልጠራውም፤ ልጆቹ የእህቴ ልጆች ናቸውና።

አባቴ ጎሬ ነበር። እናቴ ግን የወንድ ያለህ ብላ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። «ነገ መቱ ሄጄ ለፖሊስ እናገራለሁ» አለች። ልብስ አጣቢዎቹም ደረታቸውን እየመቱ «አይተናል፣ እንመሰክራለን» አሉ። ቆሎዋን በጨርቅ ቋጠረች፣ ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ነገሩ እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ እህቴ ትመለስ ነበር። ዛሬም አምናለሁ፤ ትመለስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የሚሄዱት ኦቦ ነገዎ የሚባሉ፣ አፋቸው ማር የሚያዘንብ፣ አማርኛውንም እንዳቅማቸው የሚችሉ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። እያንዳንዳቸው እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘዋል። ይህን ልማድ ከጎረቤቶቻችን ቤት አይቼው አውቃለሁ። በዚያ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅህ ከቆመ የመጣው ለአራራ ነው፤ ለእርቅ። ሳሩን ከእጁ ተቀብለህ ወደ ቤትህ ካስገባህ ነገርህን ለእሱ ሰጠኸው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ዳኛ ጋ፣ ፖሊስ ጋ መሄድ የለም። የሄደ ሰው እርቅ አፍራሽ ይባላል፤ እሳት የሚያውሰው ጎረቤት አያገኝም። ልማዱ በራሱ ክፉ አይደለም፣ አልዋሽም። በድንበርና በከብት የተጣሉ ስንት ወንድማማቾች በዚያ ሳር ታርቀዋል። የእህቴ ነገር ግን የድንበር ነገር አልነበረም።

እናቴ ይህን ልማድ ከየት ታውቀዋለች? እሷ የምታውቀው ዘመን ሲለወጥ ቤት ውስጥ ሳር መጎዝጎዝን ነው። ሐዘን የገባበት ቤት በዓል ሲደርስ ሳር እንዳይጎድልበት ጎረቤት አጭዶ ያመጣለታል፤ በአገሯ ደግ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። ሽማግሌዎቹን ስታይ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቶቼ፤ ለካ ሰው አለኝ!» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እማዬ፣ አትቀበዪ! ለእሱ ብለው ነው የመጡት!» ብዬ ጮህኩ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ ወዲህ ጮኼ አላውቅም። በዚያ ግቢ ከቆምነው ሰዎች ሁሉ ነገሩ ገብቶኝ የተናገርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ቁመቴ ግን ከኦቦ ነገዎ በትር አይበልጥም ነበር። እናቴ በሽማግሌ ፊት ያሳፈርኳት መስሏት ክንዴን ቆንጥጣ ወደ ኋላዋ ሳበችኝ። ኦቦ ነገዎም ሳቅ ብለው በአማርኛ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ። እናቴም እንግዳ አክባሪ ናትና ፈገግ አለች። ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር፣ ማንም ይተርተው ማን፣ ብድግ ብዬ እወጣለሁ። ልጅ ያቦካውን እንደ ማብሰል እየደፋችሁ ነው ራት ያጣችሁት!

ሳሩን ወለሉ ላይ ጎዘጎዘችው። በላዩ አስቀመጠቻቸው። ብርዝ ቀዳችላቸው። ኦቦ ነገዎ እየጠጡ «ልጅቷ ደህና ናት» አሉ። «ልጅቷ በልታለች። ልጅቷ ከትልቅ ቤት ነው የገባችው።» እናቴ ልጇን ፈልገው ያገኙላት መስሏት ጉልበታቸውን ልትስም ተነሳች። ከዚያ «በሉ እንግዲህ ነገ መቱ ስሄድ ከእናንተ አንዳችሁ አብራችሁኝ ብትሄዱ፣ ፖሊሱ የእናንተን ቃል ያከብራል» አለቻቸው።

 ኦቦ ነገዎ በበትራቸው ጫፍ ወለሉን ነካ ነካ አደረጉ። «ሐዳ ኮ» አሉ፤ እናቴ ሆይ ማለታቸው ነው። «የምን መቱ? የተቀመጥንበት ምንድን ነው?»

«ሳር ነዋ» አለች እናቴ።

ያን ጊዜ ወደ ኦሮምኛ ዞሩና እኔን እያዩ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሲጨርሱም «ንገራት» አሉኝ። ቅድም ለራት የማይበቃው ልጅ አሁን አስተርጓሚ ሆነ! ለእናቴ፣ ሳሩን በመቀበሏ እህቴን እንደሰጠች፣ በገዛ አፌ ተርጉሜ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብም ለመንግሥትም ብዙ ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ትርጉም ግን ለጠላቴም አልመኝም።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሳሩን አንድ በአንድ ለቀመች። በነጠላዋ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ፣ ኦቦ ነገዎ ደጅ ሄደች። ቋጠሮውን ፈታ ዘረጋችላቸው። ሰውዬው ከበራቸው ሳይወጡ አይተው «የተረገጠ ሳር አይመለስም» አሏት። እሷም እዚያው በር ላይ ደፍታው ተመለሰች። ዞር ብዬ ሳይ ላሞቻቸው ይበሉታል።

በማግስቱ መቱ ሄድን። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ጣቢያ የነበረው አሥር አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቴን ወንበር ሰጣት። ግን ወሬው ቀድሞን ደርሷል። «እናቴ፣ ታርቃችኋል አሉ። ከታረቁ በኋላ ክስ የለም። ደግሞስ ምስክር አለሽ?» አላት። የልብስ አጣቢዎቹን ስም ጠራችለት። ሰው ልኮ ሲያስጠይቅ ሁሉም «ጀርባችንን ሰጥተን ነበር፣ አላየንም» አሉ። አንዷ ደፈር ብላ «ሳሩ ከገባ ወዲያ እኛ ምን ቤት ነን?» አለች። አባቴ ከጎሬ ሲመለስ የእርቁ በግ ታርዶ ጠበቀው። በላ። ጎረቤቱም በላ። በዚያ ሰፈር ከዚያ በግ ያልቀመስኩ ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ እስከ ዛሬም በዚህ እኮራለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለፈ ነገር ብቻ ሆኖ አይደለም። በፌዴራሉ ዘመን፣ በኦሮሚያ፣ በመቱ ከተማ፣ ሕግ በየቋንቋው ታትሞ፣ የፖሊስ ስልክ በየግድግዳው ተለጥፎ፣ ጠረጴዛዬ ፊት የሚሆነውን ስለማይ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ክስ ይጻፉልኝ» ይላል። ብዕሬን ሳነሳ ዓይኑ ይንከራተታል። ከዚያ «ቆይ፣ ነገ ልምጣ» ብሎ ይነሳል፤ አይመጣም። አንዲት የሁሩሙ ሴት የማር ቀፎዎቿን ከነማራቸው ማን እንዳወረደባት ታውቃለች፤ የባሏ ወንድም ነው። «እሱን ከስሼ ስሞት ማን ያለቅስልኛል?» ብላኝ ሄደች። ሌላዋ ዓይኗ አብጦ መጥታ «በር መታኝ» አለችኝ። ማን እንደመታት ሳልጠይቃት ነው በሩን ያነሳችው!

በየአዳራሹ ስብሰባ ሲደረግ ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር አለበት» ይላሉ። ስሰማ ደሜ ይፈላል። የምን ግንዛቤ? ሕዝቡ አሳምሮ ያውቃል! ጣቢያው የት እንደሆነ ያውቃል። የሚያውቀው ግን ሌላም ነገር አለ፤ ክሱ ሲያልቅ ፖሊሱ ወደ ሌላ ወረዳ እንደሚዛወር፣ እሱ ግን ከከሰሰው ሰው ጋር አንድ ምንጭ እየቀዳ፣ አንድ ገበያ እየዋለ፣ አንድ ድንኳን ውስጥ እያለቀሰ እንደሚኖር። ይህን ፍርሃት የምናደልበው ደግሞ እኛው ነን፤ ነጭ የለበስን፣ በትር የያዝን፣ «አስታራቂ» የምንባል ሽማግሌዎች።

ባለፈው ግንቦት የሆነውን ልንገራችሁ። ከግቢዬ ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ያከራየሁት ለአንዲት ተማሪ ነው። ሰዓዳ ትባላለች። ቤተሰቦቿ በሰፈራ ከወሎ መጥተው ዳሪሙ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚህ መቱ ተከራይታ ትማራለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ማታ ማታ የማስጠናት ስለሆንኩ አይደለም፣ ግን እሱም ሳይረዳት አልቀረም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የአንድ ባለሱቅ ልጅ ከጓደኛው ጋር ሆኖ በግድ ባጃጅ ውስጥ ከተታት። ሚስት ላደርጋት ነው የሚለው። ድልድዩ አጠገብ ባጃጁ ቀዝቀዝ ሲል ዘላ ወረደች። ክንዷ ተሰበረ። ሐኪም ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጧት ጣቢያ ልወስዳት ተዘጋጅቼ ሳለሁ አባቷ አቶ ሰይድ ከዳሪሙ ደረሰ።

ሰይድ ልጁን አይቶ አለቀሰ። ጣቢያ እንሂድ ስለው ግን መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ጋሽ ደምሴ» አለኝ፣ «እኔ በልጅነቴ ነው በመንግሥት መኪና ያመጡኝ። አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ቡና ተክያለሁ፣ ጎረቤት አለኝ። ሰው ሲቆጣ ግን ዛሬም ሰፋሪ ነው የሚለኝ። ከሽማግሌ ወጥቼ የት እደርሳለሁ? ታናናሾቿም አሉ። ስሟ ጣቢያ ከተጠራ ነገ ማን ያገባታል?»

«የተሰበረው ስሟ ነው ክንዷ?» አልኩት። ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ሰዓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታ ትሰማለች።

መልስ ሳይሰጠኝ በሩ ተንኳኳ። ተርፋሳ ነው፤ የእድራችን ዳኛ፣ እኩያዬ፣ ዕድሜ ልኬን የማውቀው ሰው። ከኋላው ሌሎች ሽማግሌዎች አሉ። በእጃቸው ምን እንደያዙ ሳላይ በሽታው አወቅሁት።

«ደምሴ፣ ክፈትልን እንጂ! እንግዳ ደጅ ይቆማል?» አለ ተርፋሳ።

«በሩ ክፍት ነው። እጅህ ላይ ያለውን ግን አጥሩ ላይ ስቀለው።»

«አይ አንተ ሰው! ሳር ነው እኮ፣ እባብ አይደለም።»

«እባብስ የሚተኛው የት ሆነና?»

ከኋላው የነበሩት ሳቃቸውን ዋጡ። ተርፋሳ ኮስተር አለ። «ስማ፣ አንተ ስትሞት ድንኳን የሚተክለው ይህ እድር ነው። አስብበት።»

«አትቅበሩኛ! የምሸተው ለእናንተ ነው!» አልኩት።

እኛ እንዲህ ስንመላለስ ሰይድ ከኋላዬ ወጣ።  ሽማግሌ ደጅ ቆሞ እጁን ዘርግቶ፣ እሱ ሰፋሪ ሆኖ፣ እንዴት እምቢ ይላል? እጁን ሲዘረጋ አየሁት። የእናቴን እጅ ነው ያየሁት።  ያ መቱን ሁሉ የሚያስቆም አንደበቴ፣ ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ከዳኝ።

ሰዓዳ ከቤቱ ወጣች። ክንዷ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በአባቷና በሽማግሌዎቹ መሀል ገብታ ቆመችና ጤነኛውን እጇን ዘረጋች። ተርፋሳ ፊቱ በራ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ! አስተዋይ ልጅ!» ብሎ ሳሩን ሰጣት። ሰይድ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሳሩን ለአፍታ ያዘችው። ከዚያ እንደያዘችው መልሳ ተርፋሳ እጅ ላይ አኖረችው፤ አንዲት ዘለላ እንኳ መሬት አልነካችም። በጥሩ ኦሮምኛ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ስላከበራችሁኝ ገላቶማ» አለችው። «መጀመሪያ ግን ጣቢያ ልሂድ። ከዚያ ስመለስ ይህንኑ ሳር ይዘውልኝ ይምጡ፤ ያኔ እቀበልዎታለሁ።»

 «እስከዚያ ይደርቃል እኮ፣ ልጄ» አለ ተርፋሳ።

«መቱ ላይ ሳር ጠፍቶ ያውቃል?» አለችው።

እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም። ሳሩን አልረገጠችም፣ ቤትም አላስገባችም። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ልማዱን ስረግም ኖሬ እንዲህ ያለ መንገድ እንዳለው አላየሁም ነበር፤ ዘዴውን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ ብል ማን ይከራከረኛል? አባቷን ዞር ብላ «አባ፣ ትመጣለህ?» አለችው። ሰይድ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ልጁን አየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያስደገፈውን ዣንጥላ አነሳ።

ጣቢያ ቃሏን የተቀበለው ወጣት ፖሊስ «ስምሽ ማን ነው?» ብሎ ጀመረ። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ የሚጽፈውን እከታተላለሁ። ለእኔ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየኝ፤ ግን የተዘቀዘቀ ለደምሴ ምኑ ነው! ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ የነገሩን ዓይነት በሚሞላበት ቦታ «ጠብ» ብሎ ጻፈ። «ልጄ፣ ጠብ ሁለት ሰው ሲጣላ ነው። ይህ የጠለፋ ሙከራና አካል ማጉደል ነው፤ አስተካክለው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሁሌም በሽምግልና ይመለሳል ብዬ ነው እኮ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። ጣቢያው ከልምዱ ተነስቶ ያሳንሰዋል፤ ሰዉ ደግሞ ስለሚያሳንሱት አይመጣም፤ ስለማይመጣም ያሳንሱታል። ሰርዞ ጻፈው።

ነገሩ አልቋል አልላችሁም። ልጁ በዋስ ወጥቷል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነው። ሰይድን ዳሪሙ ላይ ሰላም የማይሉት አሉ። ተርፋሳም ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ሰዓዳ ግን ከየቀጠሮው መልስ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ድልድዩ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ስትዘል ያየውን መስክሯል፤ ሳሩ ቤት አልገባማ! አፉን የሚዘጋበት ምክንያት አላገኘም።

ክረምቱ ሳይበረታ እህቴ ወደምትኖርበት ወደ ኖፓ ሄጄ ጠየቅኳት። እታስካለ አርጅታለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ ያከብሯታል። በቤቷ አንድ ነገር ብቻ አይደረግም፤ ለእንቁጣጣሽም ይሁን ለሠርግ ወለሏ ላይ ሳር አይጎዘጎዝም። ልጆቿን «ያስነጥሰኛል» ትላቸዋለች፤ ልጆቿም እውነት መስሏቸው ለእንግዳ ይቅርታ ይጠይቁላታል። ደጃፏ ላይ ቡና እየለቀመች ነበር። ጣቶቿ ዛሬም ፈጣን ናቸው፤ የቅልብልቦሽ ጣቶች። የሰዓዳን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ እኔ ያልኩትንም ትንሽ አሳምሬ።  መጥፎዋን ፍሬ ከደህናዋ እየለየች ሰማችኝ።

ስጨርስ «መለሰችለት?» አለች።

«መለሰችለት።»

«መሬት ሳይነካ?»

«ሳይነካ።»

 ከማዶ ጨፌው ላይ ነፋስ ተነስቶ ያ የልጅነታችን ሽታ መጣ። ያን ጊዜ እርጥብ ሳር ስንመጥ ዓለም ሁሉ የሚጣፍጥ ይመስለን ነበር። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፣ መብራት አለ፣ ከሁሩሙ መቱ ለመድረስ ጭቃ የሚዋጥ የለም፤ ሳሩ ግን ያው ሳር፣ በትሩም ያው በትር ነው። ልዩነቱ አንዲት ልጅ መሀል ገብታ መቆሟ ብቻ ነው። ለዚህች ልዩነት ይህን ሁሉ ዘመን መጠበቅ ነበረብን? ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

እህቴ ቀና ሳትል «ፖሊሱ መጀመሪያ ምን አላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ስሟን ጠየቃት።»

እጇ ቆመ። «እኔን እኮ ያን ጊዜ ስሜን የጠየቀኝ የለም» አለች። «እዚያም ቤት፣ እዚህም ቤት፣ ልጅቷ ብቻ ነበርኩ።»

ብዙ ክስ ጽፌያለሁ፤ የሷን የጻፈ ግን የለም። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን፣ የሚሰማ ጣቢያ ባይኖርም፣ ቀጥ አድርጌ እዚህ እጽፈዋለሁ። ልጅቷ ስም ነበራት። አስካለ ትባላለች።